በኮምቦልቻ ለሚከፈት የዲጂታል አገልግሎት ቅርንጫፍ ሠራተኛ ስለ መቅጠር

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ የዲጂታል አገልግሎት ድርጅት በኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ የቅጥር ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት የሥራ ቦታውን ሊፈትሽ ይገባል። የሚከራየውን ክፍል ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ በተለይም ደንበኞች በብዛት በሚደውሉበት ሰዓት፣ የኢንተርኔቱን ፍጥነት እየለካና መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ እየመዘገበ ይከታተል፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ኮምፒውተሮቹን የሚያቆይ ባትሪ የሌለው ክፍል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሠራተኛ ለማግኘት በቅድሚያ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የደሴ ግቢና የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ማነጋገር ይበጃል። ይሁን እንጂ የትምህርት ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። አመልካቹን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ፣ «ብሩ ከሂሳቤ ወጥቷል፣ ለተቀባዩ ግን አልደረሰም» የሚል የደንበኛ አቤቱታ በጆሮ ማዳመጫ አሰምቶ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅና ምን እንደሚመዘግብ ማየት ያስፈልጋል። የግብይቱን ቁጥር የሚጠይቅ፣ የምስጢር ቁጥሩን ግን ፈጽሞ የማይጠይቅ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ከፍተኛ ውጤት ይዞ ከመጣው ይመረጣል።

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ለጡረታ አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ።

የማታ ፈረቃ የሚመደቡ የደሴ ነዋሪዎች በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚመላለሱ በመሆኑ፣ የሰርቪስ ውሉ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይፈረም፤ በክረምት ጉም በወረደበት ምሽት ሠራተኛን መኪና ፍለጋ መንገድ ዳር ማቆም ተገቢ አይደለም።