ታሪክን በክፉው ሰው አፍ መተረክ

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ሁሌም የምንሰማው ከሰዎቹ ወገን ነው። እስኪ ጅቡ ራሱ ይናገረው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዟል፣ እግሩ ዝሏል፣ በአገሩ ስሙ ስለጠፋ የሚያስጠጋው የለም። እዚህ ግን ማንም አያውቀውምና ለአንድ ሌሊት እንደ ማንኛውም እንግዳ ጋደም ማለት አማረው። ሲነጋ ቁርበቱን እንደሚበላው እናውቃለን፤ ቢሆንም ለጥቂት ዓረፍተ ነገር «እውነቱን ነው» ብለናል። በእኩይ ገጸ-ባሕርይ አንጻር የሚተረክ ታሪክ የሚይዘን በዚህ ነው። አንባቢው አንድ ጊዜ ይስማማል፣ ከዚያ በምን እንደተስማማ ሲያይ ይደነግጣል። ያ አንድ ስምምነት ከሌለ ታሪኩ የወንጀል ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው፤ 1,500 ቃል ገደማ በሚሆን አጭር ልብወለድ ውስጥ ያለ አንድ አራጣ አበዳሪ። ለጀማሪ ነፍሰ ገዳይ አይመረጥም፤ አንባቢ ከገዳይ ጋር ለመስማማት ብዙ መንገድ መሄድ አለበት። አበዳሪው ግን የሰው ችግር የሚፈታ ሰው ሆኖ መግባት ይችላል።

መጀመሪያ ሥራውን በቁጥር እወቁለት። 200,000 ብር በወር በ10 በመቶ ቢያበድር በየወሩ 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር ወለድ ይሰበስባል፤ ዋናው ገንዘብ ገና አልተነካም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብድር ወለድ የሚፈቅደው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ በዚያ ስሌት ወለዱ 24,000 ብር ብቻ ይሆን ነበር። አራጣ ወንጀል ስለሆነ ወረቀቱ ላይ እውነተኛው ወለድ አይታይም፤ ወለዱ አስቀድሞ ተደምሮ እንደ ዋና ገንዘብ ይጻፋል፣ ወይም ብድሩ የቤት ሽያጭ ውል መስሎ ይፈረማል። ይህን ሁሉ ለአንባቢ አታስረዱ። ተራኪው «ሃያ ሺህ ምን አላት» ብሎ ይለፈው፤ አንባቢው ራሱ ያስላው።

ቀጥሎ ታሪኩ ውስጥ የማይገባ አንድ ገጽ ጻፉ፤ የእሱ አቤቱታ። ሦስት ነገር ይኑርበት፦ ማንን እንደረዳ፣ ማን ውለታውን እንደካደ፣ ፈጽሞ የማያደርገው ምን እንደሆነ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የእኛ አበዳሪ ፍልሰታ እስኪፈታ ማንንም ዕዳ አይጠይቅም እንበል። በዚህ ይኮራል፤ ራሱን ከሌሎቹ አበዳሪዎች የሚለይበት ሕጉ ነው። የራሱ ሕግ የሌለው ክፉ ሰው ከሁለት ገጽ በላይ አይነበብም።

ተራኪው አንደኛ መደብ ቢሆን ይመረጣል፤ «እኔ» ሲል ይደብቃል፣ ይመርጣል፣ ይዋሻል። ሰውየው በታሪኩ መጨረሻ የሚሞት ከሆነ ወይም ስለራሱ መናገር የማይችል ዓይነት ከሆነ ከእሱ ዓይን የማይወጣ ሦስተኛ መደብ ተጠቀሙ። ሁሉን አወቅ ተራኪ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ከላይ ሆኖ መፍረድ ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለግሱና ለአክብሮቱ ነው፤ አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ አቅም አለው። ይህን ተመልከቱ፦

«ወይዘሮ አስካለን አላስገደድኳቸውም። ካርታውን በገዛ እጃቸው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ሻይ አዘዝኩላቸው። ‹እማማ፣ ቸኩለው አይፈርሙ፣ ልጆችዎን ያማክሩ› አልኳቸው። ልጅ እንደሌላቸው ረስቼው ነበር።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ትገለብጣለች፤ እውነት ረስቶት ይሁን አይሁን ግን አትንገሩን። በጎውን ሁሉ «እኔ» ብሎ እንደሚናገርም ልብ በሉ፦ አዘዝኩላቸው፣ አበደርኳቸው፣ ሸኘኋቸው። ክፉው ሲመጣ አድራጊው ይጥፋ፦ ቤቱ ተሸጠ፣ ዕቃው ደጅ ወጣ፣ ቁልፉ ተቀየረ። ይህን ሥርዓት እስከ መጨረሻው ጠብቁና አንድ ቦታ ብቻ ስበሩት። እስከዚያ ድረስ «እርሳቸው» ሲላቸው የቆየው ሰው ድንገት «አስወጣኋት» ይበል። አክብሮቱም መደበቂያውም በአንዲት ግስ ይወድቃሉ። ሁለት ጊዜ ከተደረገ ግን ኃይሉ ያልቃል፤ ስለዚህ ረቂቁን ስታርሙ የአክብሮት ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። በግድየለሽነት ያመለጠች አንዲት «አለች» ቦታውን ቀድማ ታበላሸዋለች።

የተበዳዩዋ ሕይወት በእሱ ዓይን ይለፍ፣ ግን ያልገባው ሆኖ። እሱ የሚያየው ዋጋ ነው፤ ቁም ሳጥኑን ስንት እንደሚያወጣ ይገምታል፣ ውስጡ የወንድ ኮት ብቻ መሰቀሉን ግን እንዲሁ ጠቅሶት ያልፋል። በየገጹ ሁለት እንዲህ ያለ ዝርዝር ይበቃል። ታሪኩ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ወይዘሮ አስካለ እሱ መልስ የሚያጣለት አንድ ነገር ይናገሩ፤ አጭር ይሁን፣ ልመና አይሁን። ደራሲው ከማን ጋር እንደቆመ አንባቢ የሚያውቀው ከዚያ ዝምታ ነው። ተበዳዩን ሞኝ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሞኝ ያታለለ ሰው አያስፈራም።

ከሁሉ የሚደጋገመው ስሕተት የልጅነት ሰቆቃ ነው፦ አባቱ ይደበድበው ነበር፣ ስለዚህ ክፉ ሆነ። ይህ ሰውየውን ከፈቃዱ ነፃ ያወጣዋል፤ የመረጠው ነገር ስለማይኖር ታሪኩም አይኖርም። ያለፈ ሕይወቱ የግድ ካስፈለገ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ከመሃል በኋላ። ሌላው የሚስቅና በክፋቱ የሚመካ ክፉ ነው፤ እንዲህ ያለው አንባቢን አያስማማም። ሦስተኛው ጸሐፊው «ክፋትን ደገፈ» እንዳይባል ሲፈራ የሚያመጣው ፍርድ ነው፤ በመጨረሻው አንቀጽ ፖሊስ ይደርሳል ወይም መኪና ይገጨዋል። ከዚህ ይልቅ የፈለገውን ያግኝ። በወይዘሮዋ ቤት ውስጥ የሚያስጠላ ሳይሆን ተራ ነገር ያድርግ፣ ግድግዳውን ቀለም ያስቀባ፣ ፍልሰታም ስትገባ እንደ ልማዱ ዕዳ መጠየቁን ያቁም።

አመዳደቡ ግርድፍ ቢሆንም እንዲህ ይሠራል፦ አንባቢን ለማስማማት 300 ቃል፣ ድርጊቱ ሲጎለብት 700፣ ግሱ ለሚሰበርበት ክፍል 300፣ ለመዝጊያው 200። ረቂቁን ለሁለት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ሰውየውን ማመን ያቆማችሁት የት ላይ ነው?» መልሱ የመጀመሪያው ገጽ ከሆነ ቸርነቱ ተጣድፏል፤ አቤቱታው ካለበት ገጽ አንድ እውነተኛ ውለታ አውጥታችሁ ወደ ፊት አምጡ። «እስከ መጨረሻው አመንነው» ካሉ ደግሞ እንደ ኮቱ ያሉ ዝርዝሮች አንሰዋል ማለት ነው፤ ማብራሪያ ሳይሆን አንድ ሁለት ዕቃ ጨምሩ።