የሞተር መጋዝ አልነሳ ሲል

መጋዛችሁ አልነሳ ካለ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ) ፍቱና እዩት። እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ማብሪያውን አጥፉ፣ ካንዴላውን ጥረጉት፣ እንደተፈታ የማስነሻ ገመዱን ስድስት ሰባት ጊዜ ሳቡና መልሳችሁ እሰሩት። (ሲጋራ በአቅራቢያው እንዳይኖር፤ የሚረጨው ቤንዚን ነው።) ደረቅ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ አልደረሰውም፤ ብዙ ጊዜ ታንኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ ተደፍናለች። ወራት የቆየ የቤንዚንና የዘይት ድብልቅም አትጠቀሙ። አብዛኞቹ አዳዲስ መጋዞች ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ይበቃቸዋል። እኔ አንዴ በአቧራ ለተደፈነ የአየር ፊልትሮ ብቻ የእጅ ዋጋ ከፍያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ገመዱ ምንም ሳይከብድ ልል ብሎ ከተሳበ ግን ፒስተኑ (ሞተሩ ውስጥ የሚመላለሰው ክፍል) ሳይጎዳ አልቀረም። እሱን ለባለሙያ ስጡት።