ኬንቺንጂሩ ልትሠሩ ነው? ሽንኩርቱን ወዲያ በሉት

ባለፈው ኅዳር፣ ጾመ ነቢያት እንደገባ፣ ጃፓን፣ ዮኮሃማ ከተማ በቅርቡ የመጣች ልጅ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ያሉኝን ኬንቺንጂሩ የሚባል የጃፓን የጾም ሾርባ ሠራሁት፤ ግን ወጥ ወጥ አለኝ።»

«በምን ጀመርሽው?»

«በሽንኩርት ነዋ!»

በሽንኩርት ነዋ! ይቺን መልስ ስንቴ ሰማኋት። ድስት ሲጣድ እጃችን ሳናዘው ቀይ ሽንኩርት ይከትፋል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፤ አንዳንዷማ በርበሬ ጣል ታደርግበታለች። ወጥ ካማራችሁ ምስር ወጥ ሥሩ፣ ማን ከለከላችሁ? ኬንቺንጂሩ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው። ስሙ የመጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1253 ካማኩራ ላይ ከተመሠረተው ከኬንቾጂ ገዳም ነው ይባላል። በነዚህ መነኮሳት የቆየ ሥርዓት ሥጋና ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይበላም። እዚህ የቁሌቱን ሥራ የሚሠሩት ሥራሥሮቹ ናቸው፦ ዳይኮን የሚሉት ረጅም ነጭ ፍጅል፣ ካሮት፣ ጎቦ የሚሉት ረጅም ቀጭን ሥርና ጎደሬ። በአንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ዳር ዳራቸው እስኪለሰልስ አገላብጧቸው፤ ጣዕሙ ከዚያ ይመጣል። ሽንኩርት ከገባ የጎቦ አፈር አፈር የሚል ደስ የሚል ጠረን ድራሹ ይጠፋል።

ሁለተኛው ስሕተት የፓኬት መረቅ ነው። በዚህ አልፈርድም፤ የመጀመሪያ ዓመቴን ግማሹን ጾም በዓሣ መረቅ ነው የጾምኩት። ዳሺ የሚሉት የጃፓን መረቅ ዱቄት ባብዛኛው ካትሱዎ የሚባል ዓሣ አለበት፤ ጀርባውን ማንበብ ካልቻላችሁ ሻጩን ጠይቁ። ይልቅ ማታ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 10 ግራም ያህል ኮምቡ (የደረቀ የባሕር አረም) እና 3 ወይም 4 ደረቅ የሺታኬ እንጉዳይ ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። ለመቸኮል ብላችሁ የፈላ ውኃ አትጨምሩበት። ጠዋት በቀስታ አሙቁት፤ ከድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ መነሳት ሲጀምር ኮምቡውን አውጡ። አብሮ ከተንተከተከ መረቁ ይዝለገለጋል፣ ምሬትም ያመጣል። እንጉዳዩን ግን ከትፋችሁ መልሱት።

ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋውን ቶፉ ስትገዙ ሞመን የሚባለውን ጠንከር ያለውን ያዙ፤ ኪኑ የሚሉት ለስላሳው ድስት ውስጥ ይበተናል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከላዩ መክተፊያ ጫኑበትና ግማሽ ሰዓት ውኃውን ይትፋ። ከዚያ ቢላዋ አታንሱ! በእጅ ቁረሱት፤ መረቁን የሚመጠው ሸካራው ስባሪ ነው። አንድ ጀማሪ መነኩሴ ቶፉውን መሬት ጥሎት፣ አለቃው አንስተው አጥበው ድስቱ ውስጥ ከተቱት የሚል ተረትም አለ። እኔ ይሄን ተረት የምወደው ጀማሪዎችን ስለሚያጽናና ነው።

ኮንያኩ (ከሥር የሚሠራ፣ እንደ ጄሊ ያለ ምግብ) ከጨመራችሁ በማንኪያ ቆራርሳችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ለብቻው ቀቅሉት፣ ጠረኑ እንዲለቅ። ጎቦን አትላጡት፤ ፍቃችሁ እጠቡና እንደ እርሳስ ቅረጹት። ጎደሬ እጅ ያሳክካል፤ እጃችሁም ጎደሬውም ደረቅ እንደሆኑ ላጡት። ወላይታ ላደገ ይሄ አይነገረውም።

ሌላው ስሕተት ሶያ ሶስን መጀመሪያውኑ መገልበጥ ነው። ሥራሥሩ በመረቁ ከበሰለ፣ አረፋውም ከተገፈፈ በኋላ ግማሹን ጨምሩ፤ ግማሹን እሳቱን ልታጠፉ ስትሉ። መዓዛው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳላ! መልኩም እንደ ቀጭን ሻይ ይሁን፤ ከጠቆረ አብዝታችኋል፤ የጎደለውን በጨው ሙሉት።

ልጅቷ ቅዳሜ ደግማ ደወለች። «ሽንኩርቱን ተውኩት፣ እትዬ» አለችና ትንሽ ዝም ብላ፣ «ሚጥሚጣስ?»

ጃፓኖቹም ሺቺሚ የሚሉትን ቃሪያ ያለበት ቅመም ይነሰንሱበታል። ሳህንሽ ላይ ከሆነ እንደ ወደድሽ፣ አልኳት፤ ድስቱ ውስጥ ከሆነ ግን ቤትሽ አልመጣም።