በጨዋታው ስድቡን በደብተር ያዙ

በክረምቱ ዝናብ ጅማ ቤቴ ተቀምጬ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ» የተባለ የባሕር ወንበዴዎች የኮምፒውተር ጨዋታ እንደገና ጀመርሁ። ዛሬም ያስቃል! የቀድሞው ቅጂ ያላችሁ «ስካም ቪኤም» በተባለው ነጻ ፕሮግራም ክፈቱት። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን እትም በኮምፒውተር የምትጫወቱ ደግሞ ኤፍ 10 (F10) የተባለውን ቁልፍ ስትጫኑ ስዕሉ ወደ ጥንቱ ይመለሳል፤ እኔ የጥንቱን እወዳለሁ። መብራት ድንገት ሊጠፋ ስለሚችል የደረሳችሁበትን ቶሎ ቶሎ አስቀምጡ።

ዋናው ምክሬ ግን ስለ ሰይፍ ፍልሚያው ነው። እዚያ የሚያሸንፈው ክንድ ሳይሆን ለስድብ የሚሰጥ መልስ ስለሆነ፣ ከተፋላሚዎች የምትሰሙትን ስድብ ከነመልሱ ደብተር ላይ ጻፉ። መሸነፍን አትፍሩ፤ አዲስ ስድብና መልስ የሚገኘው በመሸነፍ ነው። በጨዋታው ያለችው የሰይፍ ሊቋ ሴት ፈጽሞ ያልሰማችሁትን ስድብ ትሰነዝራለች፤ መልሱ ግን እዚያው ደብተራችሁ ውስጥ ይገኛል፣ ልክ እንደ ቅኔ ያው ቃል ሌላ ፍቺ ይይዛል።