ዝም ያለ ኮድ ሁሉ የሞተ አይደለም፦ ከክፍት ምንጭ ፕሮጀክት የሞተ ኮድ ስናወጣ የገጠመን ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ሆነን የምንንከባከበው አንድ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አለ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአባሎቻቸው የተረከቡትን እህል ይመዘግቡበታል። ማን ስንት ኩንታል አስገባ፣ ስንት ይከፈለዋል፣ መቼ ይከፈለዋል። የተጻፈው በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከፍኖተ ሰላምም ከእንጅባራም የሚያግዙን ልጆች አሉ።

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ የመጀመሪያውን ፑል ሪኩዌስት (ኮዳችን ላይ እንድንቀበለው የሚያቀርበውን ለውጥ) ላከልን። የበቆሎውን እርጥበት አይቶ ከሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ስህተት አግኝቶ አስተካክሏል። ቴስትም፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጽፎለታል። መብራት እየሄደ እየመጣ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ከፍቼ ሳየው ሥራው ንጹሕ ነው። ከዚያ ፈንክሽኑን ማን እንደሚጠራው ፈለግሁ። ማንም አይጠራውም። ስሌቱን ድሮ ወደ ሌላ ሞጁል አዛውረነው ነበር፤ አሮጌው እዚያው ቀርቷል። ልጁ ጉልበቱን ያፈሰሰው እኛ ሳናነሳ በተውነው ኮድ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ማንም አይጠቀምበትም ማለት ነው?» አለኝ በስልክ። አዎ ለማለት ከበደኝ።

የሞተ ኮድ ይኸው ነው። ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ይነበባል፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን ወደ እሱ የሚወስድ መንገድ የለም። ኮምፒውተሩን ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው አንባቢውን ነው። ክፍት ምንጭ ላይ ደግሞ አንባቢው በነጻ ሊያግዝ የመጣ እንግዳ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሁላችንም አረም ነቀላ ገባን። ያየነው ምልክት፣ ምክንያቱና ያወጣን መንገድ ከዚህ በታች አለ።

ኮዱን ባስተካክለውም ምንም አይለወጥም

አንድ ባግ ታገኛላችሁ። ታስተካክላላችሁ። ፕሮግራሙን ታስነሳላችሁ፤ ስህተቱ እንዳለ ነው። ደግማችሁ ትነካኩታላችሁ። አሁንም እንዳለ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ፈንክሽኖች መኖራቸው ነው። አዲሱ ሲጻፍ አሮጌው «ለማንኛውም ይቀመጥ» ተብሎ ይቀራል። እናንተ የምታስተካክሉት አሮጌውን ነው።

ለማረጋገጥ ፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሆን ብላችሁ ፕሮግራሙን የሚያቆም ኤረር ጻፉ። አስነሱት። ካልቆመ፣ የምታስተካክሉበት ቦታ እናንተ የመሰላችሁ ቦታ አይደለም።

ቀጥሎ ጊት ግሬፕ፤ ጊት የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ ነው። የፈንክሽኑን ስም በሪፖው (በፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ) ሁሉ ፈልጉ። የፓይተን ፋይሎች ብቻ አይበቁም፤ ቴምፕሌቱን፣ ኮንፊጉን፣ ስክሪፕቱን፣ ሰነዱንም እዩ። ራሱ የተጻፈበት መስመር ብቻ ከመጣ ማስረጃችሁ ጠንከር አለ ማለት ነው። ከዚያ ጊት ሎግን፣ ሰረዝና ትልቁን ኤስ (-S) ጨምራችሁ፣ ከፈንክሽኑ ስም ጋር ጥሩት። ያ ስም የገባባቸውንና የወጣባቸውን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ብቻ ለይቶ ያመጣል። በእርጥበቱ ፈንክሽን ላይ ስንሞክረው የመጨረሻው ጠሪ የወጣበትን ኮሚት አገኘን። መልእክቱ «ስሌቱን ወደ አዲሱ ሞጁል ማዛወር» ይላል። ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ እንደነበር በዚያ አወቅን።

መሣሪያው የስም መዓት ዘረገፈብኝ፤ የትኛውን ልመን?

በፓይተን የሞተ ኮድ ለመፈለግ የምንጠቀመው ቮልቸርን ነው። ስሙ ጥንብ አንሳ ማለት ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ። ከእያንዳንዱ ግኝት ጎን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይጽፋል። ጨርሶ ሊደረስበት የማይችል መስመር 100 በመቶ፣ ማንም ያልተጠቀመበት ኢምፖርት 90 በመቶ፣ ፈንክሽንና ክላስ ደግሞ 60 በመቶ። ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። 60 በመቶ ያለውን እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ ፍርድ አትቁጠሩት።

ለምን 60 ብቻ? ፓይተን ፈንክሽንን በስም ቁራጭ መጥራት ስለሚፈቅድ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ወርቁ ያመልጠዋል። ኮድም እንዲህ ያደርጋል። እኛ ጋ ተጠቃሚው ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ወይም በኤክሴል ሲመርጥ፣ ፕሮግራሙ «አውጣ በ» በሚለው ላይ የመረጠውን ቃል ቀጥሎ በጌትአትር (ስሙ በጽሑፍ የተሰጠውን ነገር ፈልጎ በሚያመጣው የፓይተን ትእዛዝ) ይጠራው ነበር። ሙሉ ስሙ የትም አልተጻፈም። ቮልቸር የፒዲኤፉንም የኤክሴሉንም ፈንክሽን ሞተዋል አለ። ሁለቱም በየቀኑ የሚሠሩ ናቸው።

መፍትሄው የስሙን ግማሽ መፈለግ፣ ጌትአትር ያለበትንም ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ነው። እኛ ከዚያም አልፈን ጥሪውን እያንዳንዱ ምርጫ ከፈንክሽኑ ሙሉ ስም ጋር በተጻፈበት ዲክሽነሪ ተካነው። አሁን መሣሪያውም ያየዋል፣ አዲስ አንባቢም ያየዋል። ሊተካ ያልቻለውን ደግሞ ቮልቸር በሚያወጣው የነጻ ዝርዝር (ሞተዋል እንዳይላቸው የተነገሩት ስሞች) ውስጥ አስገባነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ቮልቸር ስም ብቻ ነው የሚያየው። ሁለት ሞጁል ውስጥ «አስላ» የሚባል ፈንክሽን ካለና አንዱ ከተጠራ፣ ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ ይቆጥራል። ስለዚህ መሣሪያው ዝም ካለ ኮዱ ጸድቷል ብላችሁ አትተኙ።

በጎ (Go) ቋንቋ ለምትጽፉ ዴድኮድ የሚባለው መሣሪያ ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ከሜይን ተነስቶ የሚደረስበትን ሁሉ ይከተላል፤ ያልተደረሰበትን ይነግራችኋል። ረስት (Rust) ቋንቋ ላይ ኮምፓይለሩ ራሱ ያስጠነቅቃል። ለጃቫስክሪፕትና ለታይፕስክሪፕት ኒፕ አለ።

100 በመቶ የተባለውን ለማጥፋትም አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አፕል አንድ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ደፍኖ ነበር። ምክንያቱ አንድ «ጎቱ ፌይል» (ወደ ማብቂያው ዝለል) የሚል መስመር ሁለቴ መጻፉ ነው። ሁለተኛው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ስለሚዘል፣ የሰርቨሩን ፊርማ የሚያጣራው ቀጣዩ ኮድ ጨርሶ አይደረስበትም ነበር። ያን የማይደረስበት ኮድ «ሞቷል» ብሎ የሚያጠፋ ሰው ቢመጣ ቀዳዳውን ያጸናው ነበር። ያ ኮድ መንገድ የተዘጋበት እንጂ የሞተ አልነበረም። የማይደረስበት መስመር ስታገኙ መጀመሪያ «መሠራት ነበረበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቴስቱ ሁሉ ያልፋል፤ ታዲያ እንዴት ሞተ ይባላል?

ቴስቱ ብቻ ስለሚጠራው ነው። እንዲህ ያለ ኮድ በቴስት ብቻ ነፍስ ይዘራል። ቮልቸርን የቴስት ፎልደሩን አስወጥታችሁ አስኪዱት፤ ወዲያው ይወጣል። ስታጠፉትም ቴስቱን አብራችሁ አጥፉ።

ለወራት ሎግ አየን፤ አንድ ጊዜም አልተጠራም

ከሁሉም ይሄ አስደንግጦኛል።

የተጠረጠሩት ፈንክሽኖች ላይ «ተጠርቻለሁ» የሚል የሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) መስመር አስገባንና ጠበቅን። በወራት ውስጥ አብዛኞቹ ተጠሩ። ጥቂቶቹ ዝም አሉ። ከዝምተኞቹ አንዱን የሚያጠፋ ፑል ሪኩዌስት ተከፈተ። ሎጉ ባዶ ነው፣ ማስረጃው የተሟላ ይመስላል። እኔም ልቀበለው እጄ ተዘርግቶ ነበር። እንጅባራ ያለችው ልጅ ሪቪው ላይ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ይሄ እኮ የጳጉሜ 6 ነው።»

የእኛ ዓመት 12 ወር በ30 ቀን፣ በላዩ ላይ ጳጉሜ። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ 6 ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ዓመት ማለት ነው። በ2015 መጥታ ነበር፤ ቀጣይዋ በ2019 ናት። ሎጋችን ደግሞ የጥቂት ወር ነው። ፈንክሽኑ ቀኑ ስላልደረሰ ዝም ብሏል። ብናጠፋው ኖሮ በ2019 ጳጉሜ 6 እህሉን ያስገባ ገበሬ ደረሰኝ ላይ መስከረም 1 ቀን 2020 ይጻፍለት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ይዛባል፤ ሂሳቡም ወደ ሌላ ዓመት ይገባል።

ሌሎችም እንዲህ የሚተኙ አሉ። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱን የሚዘጋው። ዳታው ሲጠፋ ከመጠባበቂያ የሚመልሰው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ብቻ የሚነሳው የስህተት መያዣ።

መፍትሄው ሎጉን ከማየታችሁ በፊት ጥያቄውን መጠየቅ ነው፦ ይሄ ኮድ በየስንት ጊዜው ነው መጠራት ያለበት? ሎጋችሁ ከዚያ ጊዜ ካጠረ ዝምታው ምንም አይመሰክርም። አራት ዓመት መጠበቅ ካልቻላችሁ ቴስት ውስጥ ሰዓቱን ወደዚያ ቀን ውሰዱት። እኛ ቀኑን ጳጉሜ 6 ቀን 2019 አደረግነውና አስኬድነው። ፈንክሽኑ ነቃ። አሁን ከራሱ ቴስትና ለምን እንዳለ ከሚገልጽ ኮሜንት ጋር ቦታው ላይ አለ።

እኛ አንጠራውም፤ ሌላ ሰውስ?

የምታወጡት ላይብረሪ (ሌሎች በፕሮግራማቸው ውስጥ የሚጠቀሙበት ኮድ) ከሆነ፣ ጠሪው እናንተ ሪፖ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የውጭ ሰው ሊጠራው የሚችል ፈንክሽን በአንድ ጀምበር አይጠፋም። ፓይተን ራሱ የሄደበት መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጊዜ ያለፈባቸውን 19 ሞጁሎች ሥሪት 3.11 ላይ «ሊወጡ ነው» ብሎ አስጠነቀቀ፤ ያወጣቸው 3.13 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እናንተም ማስጠንቀቂያውን ኮዱ ውስጥ ብቻ አትተዉት። ዲፕሪኬሽን ዋርኒንግ የሚባለው ይህ ማስጠንቀቂያ በነባሪው አሠራር አብዛኛውን ጊዜ ለተጠቃሚው አይታይም። የሪሊዝ ማስታወሻው ላይ፣ ሰው በሚያነበው ቦታ ጻፉት።

የጠፋ ፍላግ ድንገት ሲበራ

አንድን ባሕርይ የሚያበራና የሚያጠፋ ፍላግ ካለ፣ ፍላጉን አጥፍቶ ኮዱን መተው ማጽዳት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት ላይ የደረሰው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ ኮድ ሰርቨሮቹ ላይ ቀርቶ ነበር። የድሮውን ፍላግ ለአዲስ ሥራ ተጠቀሙበት። ከ8 ሰርቨሮች በአንዱ ላይ አዲሱ ኮድ አልተጫነም። ፍላጉ ሲበራ እዚያ ሰርቨር ላይ የነቃው የሞተው ኮድ ነበር። በ45 ደቂቃ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ።

ፍላጉን ከነኮዱ አውጡ። ስሙን ደግማችሁ ለሌላ አትስጡት።

ኮሜንት ተደርጎ (እንዳይሠራ ምልክት ተደርጎበት) የተቀመጠ ኮድ? አጥፉት። ጊት ያስቀምጥላችኋል።

አወጣጡ

አንድ ኮሚት፣ አንድ የሞተ ነገር። ከአዲስ ባሕርይ ጋር አትቀላቅሉት። ስህተት ሆኖ ከተገኘ በጊት ሪቨርት አንድ ኮሚት ብቻ ትመልሳላችሁ፤ ሌላው ሥራ አይነካም። መልእክቱ ላይ «ማጽዳት» ብላችሁ አትለፉ። የመጨረሻው ጠሪ መቼ እንደወጣ፣ በምን እንዳረጋገጣችሁ ጻፉ። ካጠፋችሁ በኋላ መሣሪያውን እንደገና አስኪዱት። አንዱ ሲወጣ እሱ ብቻ ይጠራቸው የነበሩት ደግሞ ይጋለጣሉ። እኛ አንዱን ነቅለን ሦስት አገኘን። በመጨረሻ ዲፔንደንሲውን (ፕሮግራሙ የሚመካበትን የሌሎች ኮድ)፣ የትርጉም ጽሑፎቹንና ሰነዱን እዩ። የዳታቤዝ ማይግሬሽኖችን (የዳታቤዙን ቅርጽ ደረጃ በደረጃ የሚለውጡትን ፋይሎች) ግን ተዉ፤ ያረጁ ቢመስሉም ፕሮግራሙን አዲስ የሚጭን ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስኬዳቸዋል።

ይህን ሥራ ለአዲስ ሰው መስጠት ጥሩ ነው። ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ከተገነጠለ በኋላ ኮልካቸር በሚባል መሣሪያ ማንም የማይጠራቸውን ፈንክሽኖች ዘርዝሮ ለጀማሪዎች ቀላል ሥራ አድርጎ አቅርቦ ነበር። እኛም ዝርዝራችንን በደቦ ተከፋፈልነው።

የእርጥበቱን ፈንክሽን ደብረ ማርቆስ ላለው ልጅ ተውንለት። ያገኘው ስህተት አዲሱ ሞጁል ውስጥም ነበር፤ ማስተካከያውንና ቴስቱን ወደዚያ ወሰደው። በማግስቱ ሌላ ፑል ሪኩዌስት መጣ። ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ ማለትም የሚጠፋ፣ መስመር ብቻ ነበር። መልእክቱ ላይ የመጨረሻው ጠሪ የወጣበትን የኮሚት ቁጥር ጽፏል። አንብቤ ስጨርስ መርጅ (ተቀብለህ አዋህድ) የሚለውን ተጫንኩ።