የበሩ ጎማ ዓይን ሲያወጣ

ሦስት ቀን ጭንቅላቴን በላኝ። ለአሉሚኒየም በርና መስኮት በማሽን አቅልጠን የምናወጣው ቴርሞፕላስቲክ (ሲግል የሚቀልጥ) ጎማ ላዩ ሻከረ። በምላጭ ስቆርጠው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱን ጠረጠርኩ። ቀነስኩት፣ ጨመርኩት፤ ወይ ፍንክች! ዳዩንም፣ ማለትም ጎማው ቅርጽ ይዞ የሚወጣበትን የማሽኑን አፍ፣ ፈትቼ አጸዳሁ። ግማሽ ቀን በከንቱ።

በኋላ ዓይኔ የጥሬ ዕቃው ጆንያ ላይ አረፈ። አፉን ከፍቶ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል፣ ያውም በሐምሌ! ውስጡ ያለው የጎማ ፍሬ እርጥበት ጠጥቷል። ማሽኑ ውስጥ ሲግል ውሃው ተን ይሆንና ጎማውን ይነፋዋል።

ፍሬውን ማድረቂያ ውስጥ በ80 ዲግሪ 3 ሰዓት አቆየሁት። መጀመሪያ የወጣው አሁንም ዓይናም ነበር፤ ማሽኑ ውስጥ የቀረው አሮጌው ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ልስልስ ያለ። በጣቴ ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። ጆንያው አሁን አፉ ታስሮ ጣውላ ላይ ነው።