ስኒከር ስትገዙ ዋጋውን በወር አካፍሉት

ስኒከር ልትገዙ ከሆነ የተጠራላችሁን ዋጋ ብቻ አትዩ። በሚያገለግላችሁ ወር አካፍሉት። 1,500 ብር የገዛችሁት በ4 ወር ሶሉ ቢላቀቅ፣ በወር 375 ብር አወጣችሁበት ማለት ነው። 4,500 ብሩ 18 ወር ቢቆይ ግን በወር 250 ብር ይመጣል። ውድ ያላችሁት ረከሰ።

ችግሩ፣ ውድ ሁሉ ጠንካራ አይደለም። በኦርጅናል ዋጋ የሚሸጥ ኮፒ ሞልቷል። ስለዚህ ብራንዱን ለጊዜው እርሱትና ጫማውን ገልብጡት። ከታች ጎማ አለው ወይስ ስፖንጅ ብቻ ነው? ስፖንጁ ሲረግጡት ይመቻል፣ ይቀላል። ኮብልስቶን ላይ ሲሄዱበት ግን ተረከዙ ቶሎ ይበላል። በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ምልክቱ ካልጠፋ ብዙ አይቆይም።

ቀጥሎ በጣቶች በኩል እጠፉት። ሶሉና ላዩ የተጣበቁበት መስመር ከተከፈተ፣ ሻጩ ምንም ቢምል መልሱለት። ዙሪያውን የተሰፋ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ጠፍጣፋ ሶል ከሆነም ገና በአዲስነቱ ለሰፈራችሁ ጫማ ሰፊ ስጡትና ዙሪያውን ይስፋላችሁ። ብዙዎቻችን ሶሉ አፉን ከከፈተ በኋላ ነው የምንወስደው፤ ያኔ ውስጡ አቧራና ውሃ ስለገባ ማስቲሹም በደንብ አይይዝም።

ስታጥቡት ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ሙቀት ማስቲሹን ያላላዋል። ውስጡን ወረቀት ጠቅጥቃችሁ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።